በመርፌ የጻፉት ሴት፤ የወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስ ሕይወትና ሥራ

በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቤተ መዘክር በጥንቃቄ ከሚጠብቃቸው ዕቃዎች መካከል አንድ የጥጥ ብርድ ልብስ አለ። ባንድ ጎኑ 191፣ በሌላው ጎኑ 227 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በላዩም አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ ያዕቆብና ይሁዳ፣ ጌታና ደቀ መዛሙርቱ ከእራፊ ጨርቅ ተቆርጠው ተሰፍተውበታል። ይህን ብርድ ልብስ የሠሩት ሴት በባርነት የተወለዱ የገጠር ሰው ነበሩ፤ የሸጡትም ችግር አስገድዷቸው በ5 ዶላር ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው የእኒህን ሴት፣ የወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስን ታሪክ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛም፣ ወይዘሮ ብለን መጻፋችን ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። በእሳቸው ዘመንና በእሳቸው አገር ነጮች ጥቁርን ሴት ምንም ያህል ብታረጅ፣ በወገኖቿም ዘንድ ምንም ያህል ብትከበር፣ በዚህ ማዕርግ አይጠሯትም ነበር። በስሟ ብቻ ወይም አክስት እያሉ ይጠሯት ነበር እንጂ። እኛ ግን ባገራችን ልማድ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሥራቸው በአንቱታ እንጽፍላቸዋለን።

ብርድ ልብስ ስንል አንባቢ ከሱቅ የሚገዛውን አንድ ወጥ የሱፍ ብርድ ልብስ እንዳያስብ። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ሦስት ድርብ ያለው ነው፤ ከላይ ልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋበት ፊት፣ ከመካከል የተባዘተ ጥጥ፣ ከሥር ደግሞ ገበር አለው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋ በጥቃቅን ስፌት ያያይዛቸዋል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚቀርበው ቃል ድሪቶ ነው። ድሪቶ ግን በእኛ ዘንድ የድህነት ምልክት፣ አልፎም የመናቂያ ቃል ሆኖ ቀርቷል። በእኛ አስተያየት ቃሉ ተበድሏል። እራፊን ከእራፊ አጋጥሞ ብርድ የሚከለክል ነገር ማውጣት ሙያ ይጠይቃል፤ ቀለምን ከቀለም ማስማማት ደግሞ ከሙያም በላይ ዐይን ይጠይቃል። የወይዘሮ ሐሪየት ሥራ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እሳቸው ጨርቁን በሰውና በአውሬ፣ በኮከብና በመላእክት አምሳል እየቆረጡ በሌላ ጨርቅ ላይ ለጥፈው ይሰፉ ነበርና።

ወይዘሮ ሐሪየት የተወለዱት ኦክቶበር 29 ቀን 1837 በጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ በምትባለው ከተማ አካባቢ ነው። ያ አገር የጥጥ አገር ነበር። ጥጥን ከፍሬው የሚለየው መኪና በ1793 በዚያው በጆርጂያ ተፈልስፎ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ የሚያጸዳው ጥጥ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። መኪናው በመጣ ጊዜ የባሪያው ድካም የሚቀልለት ይመስል ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጥጥ ማጽዳት ስለ ቀለለ ጥጥ መዝራት አተረፈ፤ መዝራቱ ስላተረፈም የሚዘራና የሚለቅም ሰው ዋጋው ናረ። በ1860 በመላው አሜሪካ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በባርነት ይኖር ነበር። ከዚህም ውስጥ 462 ሺህ ያህሉ በጆርጂያ ብቻ ነበሩ።

የጆርጂያ ሹማምንት ግን ከሰንሰለትና ከጅራፍ ይልቅ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበራቸው፤ እርሱም ፊደል ነው። በ1829 የወጣው የግዛቱ ሕግ ባሪያን ማንበብ ማስተማር ወንጀል ነው ብሎ ደነገገ። የሚያስተምረው ነጭ ቢሆን በገንዘብና በእስራት፣ ጥቁር ቢሆን በግርፋት ጭምር ይቀጣ ነበር። አንባቢ ይህን ሕግ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ሐሪየት በ1855፣ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ አርምስቴድ ፓወርስ ከሚባል ሰው ጋር ተጋቡ። የባሪያዎች ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረም፤ ጌታው በፈቀደ ጊዜ ባልን ለአንዱ፣ ሚስትን ለሌላው ሊሸጥ ይችል ነበር። እኒህ ባልና ሚስት ግን አብረው ኖረው ቢያንስ ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በ1865 አበቃ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ባርነት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ተሻረ። ሐሪየት ነጻ ሲወጡ ዕድሜያቸው ሃያ ስምንት ነበር።

ነጻነት መጣ እንጂ መሬት አልመጣም። አብዛኛው ነጻ የወጣ ሰው በቀድሞው ጌታ እርሻ ላይ፣ ከምርቱ ድርሻ እየከፈለ፣ በዕዳ ተይዞ ኖረ። ፓወርሶች ግን በ1880ዎቹ ዓመታት አራት ኤከር መሬት ለመግዛት በቁ። አራት ኤከር ማለት ከአንድ ሄክታር ተኩል እምብዛም የማይበልጥ ነው። ለሰው ንብረት ሆኖ ለተወለደ ሰው ግን የራሱ የሆነ አንድ ሄክታር ተኩል ምን እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። ባልየው ያርሳሉ፤ ሚስቲቱ ቤት ይይዛሉ፤ ከብትና ዶሮ ይጠብቃሉ፤ በተረፋቸው ጊዜም መርፌያቸውን ያነሣሉ።

እንዲህ ሲኖሩ፣ በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርኢት ተዘጋጀ። ገበሬው ምርቱን፣ ባለ እጅ ሥራውን ይዞ የሚቀርብበት ገበያ ማለት ነው። ወይዘሮ ሐሪየትም ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው ሰቀሉ። በዚያ መካከል ወይዘሪት ጄኒ ስሚዝ የሚባሉ ነጭ ሴት አለፉ። ወይዘሪት ስሚዝ በከተማው በሚገኘው ሉሲ ኮብ በሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ነበሩ፤ ሥዕልንም እስከ ፓሪስ ድረስ ሄደው የተማሩ ናቸው። ብርድ ልብሱን ባዩት ጊዜ ቆመው ቀሩ። ሠሪዋ ማን እንደ ሆነች ጠይቀው፣ ገጠር ድረስ ሄደው አገኟቸውና እንዲሸጡላቸው ለመኑ። ወይዘሮ ሐሪየት በማናቸውም ዋጋ አልሸጥም አሉ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ገንዘብ የማያስፈልገው ገበሬ በዚያ አገር አልነበረም። ገዢዋም ስሙን የጠራ ትምህርት ቤት መምህርት፣ የታወቀ ቤተሰብ ልጅ፣ በዚያም ላይ ነጭ ነበሩ፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው እምቢ ማለት ለጥቁር ሴት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ነጻ የወጡት ሴት ያላቸውን ነጻነት በዚህ ተጠቀሙበት፤ የእጃቸው ሥራ የእሳቸው ስለ ሆነ አልሰጥም አሉ። በእኛ ግምት የወይዘሮ ሐሪየትን ጠባይ ከማናቸውም ነገር ይልቅ ይህች አንድ እምቢታ ትገልጠዋለች።

ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የጥጥ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ይወርድ ነበር፤ በ1894 ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንድ ፓውንድ ጥጥ ወደ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም ደርሶ ነበር። ፓወርሶችም ከ1891 ጀምሮ ያችን በስንት ድካም የገዟትን መሬት እየቆረሱ መሸጥ ያዙ። ወይዘሮ ሐሪየት ወደ ወይዘሪት ስሚዝ ላኩ፤ ብርድ ልብሱን እሸጣለሁ አሉ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ገዢዋ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቆይተው አሁን ልገዛ እችላለሁ ብለው ላኩባቸው።

ወይዘሮ ሐሪየት በበሬ በሚሳብ ጋሪ መጡ። ብርድ ልብሱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልለው፣ ከረጢቱንም በጆንያ ውስጥ ከትተው በጉልበታቸው ላይ ይዘውት ነበር። ዋጋውን 10 ዶላር ብለው ጠሩ። ወይዘሪት ስሚዝ ያለኝ አምስት ብቻ ነው አሉ። ወይዘሮ ሐሪየት ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር ተማከሩ፤ ባለቤታቸውም ጊዜው ክፉ ስለ ሆነ አምስቱን ብትቀበዪ ይሻላል አሏቸው። ተመልሰው ገቡና ሰጡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ወይዘሪት ስሚዝም ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሐሪየት ብርድ ልብሱን ለማየት ብቻ ደጋግመው ወደ ገዢዋ ቤት ይመጡ ነበር። ገዢዋም ለሌላ ሥራ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጧቸው ነበር።

ስለ ወይዘሪት ስሚዝ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። አንዱ ወገን ሥራውን ከጥፋት ያዳኑ ባለ ውለታ ያደርጋቸዋል፤ ሌላው የድኻን ችግር ተጠቅመው በግማሽ ዋጋ የወሰዱ ይላቸዋል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ዋጋው ማነሱ እውነት ነው። የወይዘሮ ሐሪየትንም ንግግር ሲጽፉ፣ በዚያ ዘመን ነጭ ጸሐፊዎች ጥቁሮችን ለማሳቅ እንደሚያደርጉት፣ ቃሉን እያጣመሙ ጽፈውታል፤ ይህ ደስ አያሰኝም። ነገር ግን ጽፈውታል። ስሟን ጠይቀው፣ ትርጓሜውን አዳምጠው፣ ወረቀት ላይ አስቀምጠውታል። በዚያ ዘመን በጥቁር ሴቶች እጅ የተሠሩ ስንትና ስንት ብርድ ልብሶች ተሽጠዋል፣ ተወርሰዋል፣ በልብስ ሣጥን ውስጥ አርጅተዋል፤ የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም ግን ጠፍቷል። በጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ቃል የሚመዘግብ ሁሉ፣ ከአንባቢዎቻችንም መካከል ብዙዎች ይህን ሥራ የያዙ ናቸው፣ የሚጽፋት አንዲት መስመር ምን ያህል እንደምትከብድ ከዚህ ማየት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ዐሥራ አንድ ሥዕሎች ሲኖሩት በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ከገነት ይጀምራል። አዳምና ሔዋን በእንስሳት መካከል ቆመዋል፤ እባቡም ሔዋንን ያነጋግራታል። ወይዘሪት ስሚዝ አንድ ነገር አስተውለው አስቋቸዋል፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ እግር ያለው እንስሳ፣ እግር የሌለው እባብ ብቻ መሆኑን። እኛ ግን እዚህ ላይ አንሥቅም። እባብ በሆዱ እንዲሄድ የተፈረደበት ሔዋንን ካሳተ በኋላ ነው፤ እንግዲያው ከዚያ በፊት በምን ይሄድ ነበር? ይህን ጥያቄ በአገራችን አንድ የትርጓሜ መምህር ቢያነሣው ደቀ መዛሙርቱ በአድናቆት ያዳምጡት ነበር። የጆርጂያ ገበሬ ሚስት በእራፊ ስላነሡት ግን የአላዋቂ ስሕተት ተባለ።

ከገነት በኋላ ሰይጣን በሰባት ከዋክብት መካከል ይታያል። ቃየል አቤልን ይገድላል፤ ደሙም በጨርቅ ተቆርጦ ይፈሳል። ቃየል ሚስት ፍለጋ ወደ ኖድ ምድር ይሄዳል። ያዕቆብ ተኝቶ ሕልም ያያል፤ መሰላሉና መልአኩ ከበላዩ ናቸው። ጌታ ይጠመቃል፤ ይሰቀላል። ይሁዳ ሠላሳውን ብር ይዞ ይቆማል። የመጨረሻው እራት ሥዕል ደግሞ አለ፤ ደቀ መዛሙርቱ ዐሥራ ሁለት አልሞሉም፤ ቦታው አልበቃ ብሎ ይሆናል፣ አምስት ጎድለዋል። ሁሉም ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ይሁዳ ብቻ በደብዛዛ ጨርቅ ተለይቷል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ክፉን ሰው በአንድ ዐይን እየሣሉ እንደሚለዩት፣ እሳቸው በልብሱ ለዩት። የልብስ ሠሪ አስተሳሰብ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ ዮሴፍና ማርያም ከሕፃኑ ጋር ናቸው።

ሥዕሎቹ በእጅም በስፌት መኪናም የተሰፉ ናቸው። ይህን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ገጠር ጥበበኛ ሲነገር ከሥልጣኔ ርቆ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራ ሰው አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ወይዘሮ ሐሪየት ግን መኪና በሚያስፈልግበት መኪናውን፣ እጅ በሚያስፈልግበት እጃቸውን ይጠቀሙ የነበሩ ሙያተኛ ናቸው።

በ1895 በአትላንታ ከተማ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ጥጥ አብቃይ ግዛቶች ምርታቸውንና ሥልጣኔያቸውን ለዓለም ለማሳየት ያዘጋጁት ነው። በመክፈቻው ቀን፣ ሴፕቴምበር 18፣ ስመ ጥሩው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ንግግር ያደረጉት በዚሁ ላይ ነበር። ለጥቁሮች ሥራ ለብቻው አንድ ሕንፃ ተሠርቶ ነበር። ወይዘሪት ስሚዝም ብርድ ልብሱ በዚያ እንዲታይ አደረጉ። የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሚስቶች ሥራውን ሳያዩት እንዳልቀሩ ይታመናል። እነዚሁ ወይዛዝርት ሌላ የሐሪየት ፓወርስ ብርድ ልብስ በ1898 ለዶክተር ቻርልስ ካትበርት ሆል በስጦታ አበረከቱ። ዶክተር ሆል የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ፣ በኒው ዮርክም የዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ይህ ሁለተኛው ብርድ ልብስ 175 በ267 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ዐሥራ አምስት ሥዕሎች አሉት። ብንመርጥ የምንመርጠው ይህንን ነው። እዚህም መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ኢዮብ ስለ ጠላቶቹ ይጸልያል፣ ሙሴ እባቡን ይሰቅላል፣ ዮናስ ወደ ባሕር ይጣላል፣ እንስሳት ሁለት ሁለት ሆነው ይፈጠራሉ፣ የቁጣ መላእክት ሰባቱን ጽዋ ይይዛሉ። ነገር ግን በእነዚህ መካከል ወይዘሮ ሐሪየት የአገራቸውን ታሪክ አስገቡበት። ያውም ቀኑን ቆጥረው ነው።

ሜይ 19 ቀን 1780 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ፀሐይ በቀትር ጨለመች። ሊቃውንት በኋላ እንደ ደረሱበት፣ ጨለማው የመጣው ከታላቅ የደን ቃጠሎ በወጣ ጢስ ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት ደግሞ ከዋክብት እንደ ዝናም ዘነቡ፤ ይህም በየዓመቱ በዚያ ወር ምድር የምታልፍበት የጅራታም ኮከብ ትቢያ በዚያ ዓመት እጅግ በዝቶ ስለ ነበረ ነው። ሕዝቡ ግን የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ተጨነቀ። ሁለቱም የሆኑት ሐሪየት ከመወለዳቸው በፊት ነው። ታዲያ እንዴት ዐወቁ? ባሪያዎች የልደት መዝገብ ስላልነበራቸው ዕድሜያቸውን ከዋክብት ከወደቁበት ዓመት በፊት ወይም በኋላ እያሉ ይቆጥሩ ነበር። በእኛም አገር አዛውንት ከክፉ ቀን በፊት፣ ከክፉ ቀን በኋላ እያሉ ሲቆጥሩ ኖረዋል። በሥዕሉ ላይ ሰዎቹ ደንግጠው ቆመዋል፤ ከዋክብቱን የሚያቆማቸው የእግዚአብሔር እጅ ነው።

በ1846 የታየው የቀይ ብርሃን ሌሊትም አለ፤ ያኔ እሳቸው የስምንት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የያዘን ግን በፌብሩዋሪ 1895 የመጣው ብርድ ነው፤ ይህን በዐይናቸው አይተውታል። በአንዲት ክፍል ውስጥ የሚከተለውን ሰፍተዋል፦ አንዲት ሴት ስትጸልይ ደርቃ ቀርታለች፤ ሌላዋ በደጃፍ ላይ፤ አንድ ሰው የዱቄት ስልቻውን እንደ ያዘ፤ አንዱ ደግሞ ከመጠጥ ጋኑ አጠገብ። የበቅሎዋ እስትንፋስ በረዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ወፎቹ ሁሉ ሞተዋል። በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ የምትዘረጋው አዳኝ እጅ እዚህ የለችም፤ ብርዱ ጸሎተኛውንና ጠጪውን አልለየም። ወይዘሮ ሐሪየት አይሰብኩም፤ የሆነውን ብቻ አስቀምጠው ያልፋሉ።

አሁን ደግሞ ስለ አሳማዋ። በአንድ ሥዕል ላይ እግዚአብሔርን ያልተማሩ ሁለት ባለጠጎች ቆመዋል፤ ከእነርሱ በታች ግን ከሁለቱም የምትገዝፍ አንዲት አሳማ አለች። ስሟ ቤትስ ይባላል፤ ራሷን የቻለች አሳማ ናት፤ ከጆርጂያ እስከ ቨርጂንያ 500 ማይል፣ ይኸውም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሮጣለች። ካርታ የሚያውቅ ሰው ቨርጂንያ ከጆርጂያ ወደ ሰሜን መሆኗን ያውቃል፤ ወደ ሰሜን የሚሮጡትም እነማን እንደ ነበሩ ያውቃል። አንዳንድ ሊቃውንት አሳማዋ የኮበለለ ባሪያ ምሳሌ ናት ብለዋል። ሠሪዋ ይህን አልተናገሩም። እኛ ግን ሰምና ወርቅ በሚነገርበት አገር ስላደግን፣ የሊቃውንቱን አስተያየት ለመቀበል ብዙ አልተቸገርንም።

ሌሎች ደግሞ ጨርቅን በአምሳል ቆርጦ መለጠፍ በምዕራብ አፍሪካ በዳሆሜ መንግሥት የታወቀ ሙያ እንደ ነበረ ጠቅሰው፣ የወይዘሮ ሐሪየት እጅ ከዚያ የወረሰችው ነው ይላሉ። መመሳሰሉ ዐይን ያያል። ቢሆንም በጆርጂያ ተወልደው በጆርጂያ ላረጁት ሴት መምህር ፍለጋ ባሕር መሻገር እኛ አያስፈልገንም።

በ1897 ገደማ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አላቸው። ፊታቸው ቆፍጠን ያለ ነው፤ በቀሚሳቸው ላይ ሽርጥ ታጥቀዋል። ሽርጡም ተራ ሽርጥ አይደለም፤ እንደ ፀሐይና እንደ ኮከብ ያሉ ቅርጾች ተለጥፈው ተሰፍተውበታል። ድኻ ገበሬ ለፎቶግራፍ የሚቀርበው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ለዚያም ያለውን ደኅና ልብስ ይለብሳል። እሳቸው ሙያቸውን ለበሱ።

ቀደም ሲል ልብ ይበልልን ወዳልነው ሕግ የምንመለሰው አሁን ነው። ወይዘሮ ሐሪየት ካረፉ በኋላ ስለ እሳቸው የጻፉት ሰዎች፣ ግላዲስ ማሪ ፍራይ በ1976 ያሳተሙት ጠቃሚ ጥናት ሳይቀር፣ ፊደል የማያውቁ ሴት አድርገው አቀረቧቸው። መጽሐፍ ቅዱስን በስብከት ሰምተው ብቻ ያጠኑ መሰላቸው። በ1829ኙ ሕግ ሥር የተወለደች ሴት አለማንበቧ ለማንም የሚያጠራጥር አልነበረም። በ2009 ግን ካይራ ሂክስ የሚባሉ ተመራማሪ፣ ወይዘሮ ሐሪየት በ1896 ስለ ራሳቸው የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭ አግኝተው አወጡ። በደብዳቤው ውስጥ ማንበብን ከነጭ ልጆች መማራቸውን ገለጡ፤ የሠሯቸውንም ሌሎች ብርድ ልብሶች ጠቀሱ። ስለዚህ በጨርቁ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ እሳቸው ራሳቸው ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ ነበር። የእባቡም እግር ከአለማወቅ ሳይሆን ከማንበብ የመጣ ሊሆን እንደሚችል የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ወንጀል የተገኘች ዕውቀት፣ ያውም ከልጆች እጅ! ሕጉን ያወጡት ሹማምንት ይህን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር እያልን እንገረማለን።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። መሬቷ አለቀች፤ ወይዘሮ ሐሪየት በልብስ ስፌት ሲተዳደሩ ኖረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። በአቴንስ ከተማ ጎስፕል ፒልግሪም በሚባለው የጥቁሮች መቃብር ተቀበሩ። መቃብሩ ዱር ዋጠው፤ ድንጋያቸውም የተገኘው በ2005 ነው።

ወይዘሪት ስሚዝ በ1946 ሲሞቱ ብርድ ልብሱ በቤታቸው ነበር፤ ንብረታቸውን የያዙት ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለዋሽንግተኑ ቤተ መዘክር አስረከቡት። ሁለተኛውን ደግሞ የዶክተር ሆል ልጅ ማክሲም ካሮሊክ ለተባሉ ሰብሳቢ ሸጡት፤ እርሳቸውም በ1964 በቦስተን ለሚገኘው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሰጡት። ሁለቱ ከአንድ እጅ የወጡ ሥራዎች ከመቶ ዓመት በላይ በሁለት ከተማ ተለያይተው ኖሩ።

በ2021 መጸው የቦስተኑ ቤተ መዘክር ስለ አሜሪካ ብርድ ልብሶች ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ላይ አሳየ። በደብዳቤያቸው ከጠቀሷቸው ከሌሎቹ መካከል የጌታን እራት የሚያሳይ አንድ ብርድ ልብስ ነበረ። ካይራ ሂክስ ደብዳቤውን ካወጡ ወዲህ፣ ያ ብርድ ልብስ ምናልባት በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይገኝ ይሆናል እያሉ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ።